የረሳሁትን ዘፈን ከምርጥ አሥር ውስጥ ላስገባው ወይስ ይቅር?

ልዩ ልዩ ቁጥር 3፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ዘፈን አፋልጉኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ ዳኙን። ሁለተኛው ይብሳል፤ ቤት ውስጥ ኩርፊያ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ ተቀምጠን ከ1990 በፊት ከወጡ የፈረንጅ ፖፕ ዘፈኖች ምርጥ አሥር እናውጣ ተባባልን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ሕጋችን ሁለት ብቻ ነበር፤ ከአንድ ዘፋኝ ወይም ባንድ ከአንድ ዘፈን በላይ አይገባም፣ አንዴ ወረቀት ላይ የሰፈረ ዘፈን ደግሞ ሦስታችንም ካልተስማማን አይወጣም። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ያልነው ጨዋታ እኩለ ሌሊትን አልፎ ሄደ። ከአራተኛ እስከ አሥረኛ ያሉትን በድርድር ጨረስን። አንደኛው ላይ ግን እስካሁን አልተግባባንም፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እሑድ ጠዋት ዕቃ እያጠብኩ ነው። እጄ አረፋ ውስጥ ነው። ሳላስበው አንድ ዜማ አፌ ላይ መጣ። ቃል የለውም፣ ሳክስፎን ነው፤ ከላይ ጀምሮ እየተንከባለለ የሚወርድ፣ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመለስ። ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። ይሄ ዘፈን ከአሥሩ ውስጥ የለም! ኧረ በእጩነት ካነሳናቸው ሠላሳ ምናምን ዘፈኖች ውስጥም አልነበረም። በልጅነቴ ከየትኛውም ዘፈን አብልጬ እወደው የነበረውን ዘፈን ማናችንም አላነሳነውም። እጄን ሳላደርቅ ወንድሜ ጋ ሮጥኩና "እንትንን... እንትንን ረሳን እኮ!" አልኩት። "ማንን?" አለኝ። ስሙ የለም። ዘፋኙ የለም። ከግጥሙ አንዲት ቃል እንኳን የለችም።

የማውቀውን ልንገራችሁ። ዘፈኑ የነበረን ካሴት ላይ ነው። ወንድሜ ከሬዲዮ እየቀዳ የሞላው ካሴት ሲሆን ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ልዩ ልዩ ቁጥር 3" ብሎ ጽፎበታል፤ የዘፈን ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረውም። መቅጃውን ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚጫነው የአብዛኞቹ ዘፈኖች መግቢያ የለም፤ መጨረሻቸው ላይ ደግሞ ጋዜጠኛው ገብቶ ያወራበታል። የእኔው ዘፈን ሳይድ ቢ ላይ ነበር። አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በቀስታ ጎትተን አወጣነው፣ በጣታችን አለሳለስነው፣ በእስክሪብቶ አጠነጠንነው። ዳነ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሳክስፎኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንደገባ ነገር ይዋልል ጀመር። ዛሬም ሳንጎራጉረው እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄን አዋልለዋለሁ። ለእኔ ዘፈኑ እንደዚያ ነው።

ሌላ፤ ዘፋኙ ወንድ ነው፣ ድምፁ ሥራ ውሎ የገባ ሰው ድምፅ ነው። ስንኞቹ ላይ ሙዚቃው ዝግ ይላል። አሁን አዝማቹ ሊመጣ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ቃል የለም፤ የሚመጣው ሳክስፎኑ ነው። እኔና ወንድሜ ዘፈኑን "ዳቦ ጋጋሪው" እንለው ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልነው ሁለታችንም አናስታውስም። ልጆች ነበርን፣ ለሁሉም ነገር ቅጽል ስም ነበረን፤ እዚያው ካሴት ላይ ያለ አንድ ሌላ ዘፈን "ባለ ጉንፋኑ" ነበር የሚባለው።

በግጥም እንዳልፈልገው ግጥሙን አላውቀውም። ስልኬ ላይ አንጎራጎርኩለት፤ ሁለቴ "ኬርለስ ዊስፐር" አለኝ፣ በሦስተኛው የሕፃናት መዝሙር ሰጠኝ። እባካችሁ እናንተም "ኬርለስ ዊስፐር" እንዳትሉኝ።

ዳኝነቱ ደግሞ ይሄ ነው። ወንድሜ "የረሳሽው ዘፈን በምን ሒሳብ ነው ምርጥ አሥር ውስጥ የሚገባው? ምርጥ ቢሆን ትረሽው ነበር?" ይላል። እኔ የረሳሁት ስሙን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም። ልዩነት የለውም ትላላችሁ?

ድምፅ አጉላው፦

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ግን "ኬርለስ ዊስፐር" ነው። ስልክሽ ሁለቴ ነግሮሻል፣ ሦስተኛ እኔ ልንገርሽ። 1984፣ ጆርጅ ማይክል፣ ሳክስፎኑን የነፋው ስቲቭ ግሪጎሪ። ወንድ ዘፋኝ፣ ለስላሳ ስንኝ፣ ከላይ ወደ ታች የሚንቆረቆር ሳክስፎን። ምን ቀረሽ?

ትዝታ ውሸታም ነው። እኔ ራሴ የ"ቴክ ኦን ሚ" ቪዲዮ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ የተሳለ ነው ብዬ ከስንቱ ጋር ስከራከር ኖሬ፣ እንደገና ሳየው ለካ ብዙ ቦታ ላይ በካሜራ የተቀረጸ ተራ ምስል ነው። ያንቺም "ቃል የሌለው አዝማች" እንደዚያው ነው የሚሆነው።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ "ኬርለስ ዊስፐር" ስለሆነ አንደኛ ይገባል። አለቀ።

ልዩ ልዩ ቁጥር 3፦

ድምፅ አጉላው፣ ወንድም ዓለም፣ "ኬርለስ ዊስፐር" እኮ ዝርዝራችን ላይ ስምንተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በእጄ ጽፌው ሳበቃ እንዴት ነው የረሳሁት? አዝማቹን ከነቃሉ እስከ መጨረሻው እዘፍንልሃለሁ፤ ጎረቤት እስኪያማርር።

የአንደኛውን ጉዳይ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። እኔ "ቢሊ ጂን" ነው የምለው። ከበሮው ሲጀምር፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ያ መግቢያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ የዘፈኑ አዘጋጅ ኩዊንሲ ጆንስ በዛ ብሎ ሊያሳጥረው ፈልጎ ነበር፣ ዘፋኙ ማይክል ጃክሰን ግን የሚያስጨፍረኝ እሱ ነው ብሎ እምቢ አለ። ወንድሜ ደግሞ "ቦሂሚያን ራፕሶዲ" ይላል። 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የሚረዝም፣ አዝማች የሌለው፣ መሃሉ ላይ ኦፔራ የሚሆን ነገር በ1975 ነጠላ ዜማ ብሎ ማውጣት ድፍረት ነው ባይ ነው። (ለድፍረት ነጥብ ይሰጣል እንዴ?) ሚስቱ "ዳንሲንግ ኩዊን" አለች፣ ምክንያትም አላቀረበችም። ስልኳ ላይ ከፈተችውና ዝም ብላ ጠበቀች፤ የወንድሜ ትከሻ መወዝወዝ ሲጀምር በጣቷ አሳየችኝ።

ከዚያ እያንዳንዳችን ሦስቱን በየግላችን በደረጃ ጻፍን። እኔ ቢሊ ጂን፣ ቦሂሚያን፣ ዳንሲንግ ኩዊን። ወንድሜ ቦሂሚያን፣ ዳንሲንግ ኩዊን፣ ቢሊ ጂን። እሷ ዳንሲንግ ኩዊን፣ ቢሊ ጂን፣ ቦሂሚያን። ሁለት ሁለቱን እያጋጠምን ድምፅ ብንሰጥ ይለይለታል ብለን ሞከርነው፤ ጭራሽ እብደት ሆነ። ሁሉም አሸነፈ፣ ሁሉም ተሸነፈ። የኩርፊያው መነሻም ይኸው ነው፤ ወንድሜ እኔን ቆጠራ አታውቅም ብሎኛል።

ቁጥር ወዳድ፦

ቆጠራሽ ትክክል ነው፣ ወንድምሽ ይቅርታ ይጠይቅሽ። ላስላው፤ ቢሊ ጂንና ቦሂሚያን ሲጋጠሙ አንቺና የወንድምሽ ሚስት ቢሊ ጂንን ታስቀድማላችሁ፣ 2 ለ 1። ቦሂሚያንና ዳንሲንግ ኩዊን ሲጋጠሙ አንቺና ወንድምሽ ቦሂሚያንን፣ እንደገና 2 ለ 1። እንግዲያው ቢሊ ጂን ዳንሲንግ ኩዊንን በዝረራ ማሸነፍ ነበረበት፤ ባልና ሚስቱ ግን ዳንሲንግ ኩዊንን ያስቀድማሉ፣ 2 ለ 1። ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ። ኮንዶርሴ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1785 ያሳየው ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ቀጥ ያለ ደረጃ ይዞ እያለ ቡድኑ ግን ክብ ሊዞር ይችላል። ነጥብ ሰጥታችሁ ብትደምሩም፣ ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ብላችሁ፣ ሦስቱም 6 ነጥብ ያመጣሉ። አንዳችሁ ሐሳባችሁን ካልቀየራችሁ እስኪነጋ ብትጯጯሁ ለውጥ የለውም። አራተኛ ሰው ደግሞ አትጥሩ፤ 2 ለ 2 የሚባል ሌላ መከራ ይመጣባችኋል።

ባለሙያ ነን የሚሉትም ከእናንተ አይሻሉም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2004 አምስት መቶ ምርጥ ዘፈኖችን ሲያወጣ አንደኛ ያደረገው የቦብ ዲላንን "ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን" ነው። (መጽሔቱን በስሙ የሚጠራ ዘፈን አንደኛ መውጣቱ ድሮም ያስቀኝ ነበር።) የአሬታ ፍራንክሊን "ሪስፔክት" አምስተኛ ነበር። በ2021 አዲስ ድምፅ ተሰጠና "ሪስፔክት" አንደኛ፣ ዲላን አራተኛ ሆነ። የወንድምሽ "ቦሂሚያን ራፕሶዲ" ከ163ኛ ተነስቶ 17ኛ ላይ ጉብ አለ። በመሃሉ ዘፈኖቹ ላይ አንድ ኖታ አልተጨመረም፣ የተለወጡት ሰዎቹ ናቸው። ስለዚህ በዳኝነቱ ከአንቺ ጋር ነኝ። ወረቀታችሁ የሚያሳየው ቅዳሜ ማታ ማን ትዝ እንዳላችሁ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ስልክሽን በተመለከተ፣ ሻዛም የሚባለው ዘፈን የሚለይ መተግበሪያ የሚያነጻጽረው የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ስለሆነ ብታንጎራጉሪለት ዋጋ የለውም። የጎግል የማንጎራጎር ፍለጋ ግን የሚከተለው የዜማውን መውጣትና መውረድ ነው። እዚያ ላይ ካሴቱ የተበላበትን ቦታ ጨምረሽ ካዋለልሽለት ምን ያድርግ? አስተካክለሽ ሞክሪ።

ማታ ማታ፦

ስሙን እንጂ ዘፈኑን አልረሳሁም ያልሽው ሰበብ አይደለም፣ እውነት ነው። ብራውንና ማክኒል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1966 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የብርቅ ቃላትን ትርጉም እያነበቡ ቃሉን ጠየቋቸው። "አፌ ላይ ደርሶ ጠፋኝ" የሚሉት ተማሪዎች ቃሉን ማምጣት እያቃታቸው የመጀመሪያ ፊደሉንና የክፍለ ቃሉን ብዛት ብዙ ጊዜ በትክክል ይናገሩ ነበር። ሰው ባዶ ሆኖ አይረሳም፤ ጫፍ ጫፉን ይዞ ነው የሚረሳ። ያንቺ ጫፍ ደግሞ አለ፤ "ዳቦ ጋጋሪው"ን እንደ ቀልድ ጣል አደረግሽው እንጂ እኔ ብሆን ከእሱ ነበር የምነሳው።

የተገላቢጦሹን ልጨምርልሽ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የ"የስተርዴይ"ን ዜማ ያገኘው ተኝቶ ነው። ሲነቃ ሙሉውን ያውቀዋል። እንዲህ በቀላሉ የመጣ ዜማ የሰው መሆን አለበት ብሎ ፈራ፤ ባገኘው ሰው ፊት እየተጫወተ "ይሄን ታውቁታላችሁ?" እያለ ሰነበተ። ግጥም እስኪገኝለት ድረስ በዜማው ላይ የሚያስገባው ቃል "እንቁላል ፍርፍር" ነበር። የኔ ነው የሚል ሲጠፋ የራሱ መሆኑን አመነ፣ በ1965 ወጣ። የባንድ ጓደኛው ጆርጅ ሃሪሰን ግን አልቀናውም። በ1970 ያወጣው "ማይ ስዊት ሎርድ" ከ1963ቱ፣ ቺፎንስ ከተባለው የሴቶች ቡድን ዘፈን ጋር አንድ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛው በ1976 ሆን ብሎ አልወሰደውም፣ ሳይታወቀው ከውስጡ አውጥቶት ነው ብለው ፈረዱበት። ልብ ያላለው ዘፈን ውስጡ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ታዲያ የተረሳ ዘፈን ደካማ ነው ያለው ማነው?

አልስማማም፦

ለወንድምየው የሚቆም ሰው ስለጠፋ እኔ ልቁምለት።

እህቴ፣ አትቀየሚኝ። የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ዘፈኑ የነገርሽን ሦስት አራት መስመር ነው። ስለ ካሴቱ ግን ቀለሙን፣ እስክሪብቶውን፣ ክሩን፣ የተበላበትን ቦታ ሳይቀር ነገርሽን። አንቺ የምትወጂው ዘፈን ሳይሆን የተበላ ካሴት ነው። ይሄ ነውር የለበትም፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ ሰው በልጅነቱና በጉርምስናው የሰማውን ነው እስኪያረጅ ምርጥ የሚለው። ግን ምርጥ አሥር ዘፈን እንጂ ምርጥ አሥር ትዝታ አላላችሁም።

ፈተናው ቀላል ነው። ዘፈኑ ሲገኝ ንጹሑን ቅጂ ስሚው፣ ድምፁ ሳይዋልል። ከወደድሽው ይግባ። ካልሆነ ወንድምሽ ልክ ነበር።

ልዩ ልዩ ቁጥር 3፦

አልስማማም፣ ይሄኛው አመመኝ። ወንድሜ ነህ እንዴ? ሌላ ስም አውጥተህ ገብተህ እንዳይሆን።

ለማንኛውም ፈተናውን ተቀብያለሁ። መጀመሪያ ግን ይገኝ።

ቁጥር ወዳድ፦

አልስማማም፣ ለአንተ አንድ ጥያቄ። የኬት ቡሽ "ራኒንግ አፕ ዛት ሂል" በ1985 እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ድረስ ወጥቶ ቀረ። በ2022 "ስትሬንጀር ቲንግስ" የተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ተሰማና ከ37 ዓመት በኋላ አንደኛ ወጣ። በ2021 ምርጥ አሥር ብታወጣ ታነሳው ነበር? በ2023ስ? መልስህን እየጠበቅኩ ነው።

አሮጌ ሸምበቆ፦

ልጄ፣ ወጣቶቹ ሲከራከሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ በአንድ ባንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳክስፎን ነፍቻለሁ፤ ስሜም ከዚያ ነው፣ የሳክስፎን አፍ ላይ የምትታሰረው ሸምበቆ ናት። ሦስት ነገር ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ ሳክስፎኑ ሲመጣ ዘፋኙ ጨርሶ ዝም ይላል ወይስ ከኋላ ያንጎራጉራል? ሁለተኛ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ኤሌክትሪክ ጊታር ለብቻው ይገባል? ሦስተኛ፣ ወንድምሽ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ መማር ጀምሮ ነበር?

ልዩ ልዩ ቁጥር 3፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጨርሶ ዝም ይላል፤ እንዲያውም የት ሄደ እስክል ድረስ። ጊታሩ አዎ፣ አለ! እርስዎ ሲሉኝ ነው ትዝ ያለኝ። ጊታሩ ጮኾ ትንሽ እንደቆየ ጋዜጠኛው ገብቶ ያቋርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰምቼው አላውቅም። ወንድሜ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበር፤ መዝገበ ቃላት ተሸልሞ ብብቱ ሥር ይዞት ነበር የሚዞረው። ለምን ጠየቁኝ?

አሮጌ ሸምበቆ፦

እንግዲያው ዳቦ ጋጋሪሽ ተገኘ። ዳቦ ጋጋሪ በእንግሊዝኛ "ቤከር" ነው። ዘፈኑ "ቤከር ስትሪት" ይባላል፣ ዘፋኙ ስኮትላንዳዊው ጄሪ ራፈርቲ ነው፣ የወጣው በ1978። የጎዳናው ስም እዚያው የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አለ። ወንድምሽ የሰማውን አንድ ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ላይ አውጥቶ ተርጉሞልሽ ነው፤ ስለ ዳቦ አንድም ነገር የለበትም።

ሳክስፎኑን የነፋው ራፋኤል ሬቨንስክሮፍት ነው። ስቱዲዮ የመጣው ለሌላ፣ በሶፕራኖ፣ ቀጭን ድምፅ ባለው ሳክስፎን፣ ለሚነፋ አጭር ነገር ነበር፤ ይህን ግን መኪናው ውስጥ በነበረው አልቶ፣ ድምፁ ወፈር በሚለው ሳክስፎን፣ ነፋው። ዜማዋ ስምንት ባር (የምት ክፍል) ናት። እኛ ስንለማመዳት ኖታዋ ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ትንፋሹ ነው፣ እንደምትጮህ ሆነህ ሳትጮህ መንፋት አለብህ። ዜማዋን ማን ፈጠራት የሚለው ዛሬም ያጨቃጭቃል። በ2011 ድጋሚ የታተመው አልበም ላይ ራፈርቲ ራሱ በጊታር ሲጫወታት የሚሰማበት የሙከራ ቅጂ ስላለ እኔ ለራፈርቲ ነው የማደላው፤ ነፊ ሆኜ ይህን ማለቴ ይቆጠርልኝ። ደግሞ ያንቺ ካሴት ብቻ አይደለም የሚዋልለው። ሬቨንስክሮፍት አነፋፌ ከቃናው ወርዷል ብሎ ዘፈኑን በሰማ ቁጥር ይናደድ ነበር።

ድምፅ አጉላውም በባዶ ሜዳ አልሳተም። "ቤከር ስትሪት" ላይ ያን ጊታር የተጫወተው ሂው በርንስ "ኬርለስ ዊስፐር" ላይም አለበት።

ደረጃን ካነሳችሁ አንድ ልጨምር። ይህ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ ለስድስት ሳምንት ሁለተኛ ሆኖ ተቀምጦ አንደኛ ሳይወጣ ወረደ። ከላዩ የነበረው የአንዲ ጊብ "ሻዶው ዳንሲንግ" ነው። እስቲ ዛሬ ከእናንተ መካከል "ሻዶው ዳንሲንግ"ን የሚያንጎራጉርልኝ ማነው?

ድምፅ አጉላው፦

እኔ አልችልም። እጄን ሰጥቻለሁ ጋሼ። (ግን "ኬርለስ ዊስፐር" አሁንም ይበልጣል።)

ልዩ ልዩ ቁጥር 3፦

ተገኘ! ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወንድሜን ምን እንደሆነ ሳልነግረው ጠርቼ ከፈትኩት። ለካ መግቢያ አለው። ከሳክስፎኑ በፊት ብዙ ነገር አለ፤ የእኛ ካሴት የሚጀምረው ግን ሳክስፎኑ ተጋምሶ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲመጣ ግን ከወንበሩ ብድግ አለና "ዳቦ ጋጋሪው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም መጣለት። ያን መዝገበ ቃላት ገልጦ፣ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ፣ "ሰውየው ዳቦ ሊገዛ እየሄደ ነው" ብሎ እንዳስረዳኝና እኔም ለዓመታት ዳቦ አልቆበት የሚያዝን ሰው ነው ብዬ እንደማዝንለት። አሁን ግጥሙን ይዤ ሰማሁት። መጠጡን እተዋለሁ፣ መሬት ገዝቼ እረጋለሁ የሚል፣ ግን የማይተው ሰው ነው። ያኔ ድምፁ ደክሟል ያልኩት ልክ ነበርኩ፤ ዳቦው ነው የተሳሳተው።

አልስማማም፣ ፈተናህን በሐቅ ልንገርህ። ሁለተኛው ሳክስፎን ሲደርስ ድምፁ አልዋለለም፤ ያዋለልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ከዘፈኑ ጋር ተለያየን። የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ያን ጊዜ ለወንድሜ አንተ ልክ ነህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ጊታሩ ከገባ በኋላ ያለው፣ ጋዜጠኛው የበላብኝ ቦታ፣ ሳክስፎኑ እንደገና ሲመለስ... እሱን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ ካሴትም ትዝታም የለኝም። እሱን ነው የወደድኩት። ግማሽ ነጥብ ያዝ፣ ግማሹ የእኔ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ስንመለስ፣ አሥረኛ የነበረውን የቶቶን "አፍሪካ" ለማውጣት ሦስታችንም ተስማማን። (ሲጀመርም እንቅልፍ ሊጥለን ሲል ነበር የገባው፤ የቶቶ ወዳጆች ይቅርታ።) ወንድሜ አዲሱ ገቢ አሥረኛ ይሁን አለ። እኔ አራተኛ አልኩ። ሚስቱ ወደ ጓዳ ጠራችኝና በሹክሹክታ፣ አንደኛው ላይ "ዳንሲንግ ኩዊን"ን ካስቀደምሽ "ቤከር ስትሪት"ን አራተኛ አደርግልሻለሁ አለችኝ። ቁጥር ወዳድ፣ አንድ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ክቡ ይሰበራል አላልክም? ቀየርኩ። ማይክል ይቅር ይበለኝ።

ወንድሜ "ድምፅ ተገዝቷል!" ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወጥቷል። እስኪመለስ ዝርዝሩን በቃላችን ልንጽፍላችሁ እኔና ሚስቱ ቁጭ ብለን ነበር። ሰባተኛው ማን እንደነበረ ሁለታችንም ጠፍቶናል።